ሞተሯ ጀልዴሳ ነው

ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይበተናል፣ ውሻው እንኳ ከግንቡ ጥላ ንቅንቅ አይልም። የሚቅመው ይቅማል፣ የማይቅመው ሲሚንቶው ላይ ውሃ ረጭቶ ጋደም ይላል። እኔ ብቻ አልተኛም። በቃ አልችልም፣ ገላዬ አይቀበለውም። ሽርጤን ታጥቄ ግቢ ውስጥ እዞራለሁ፤ የምዞረው ደግሞ መኪናዬን ነው። ጎማዋን በእግሬ እነካለሁ፣ ኮፈኗን ከፍቼ ዘይቷን እለካለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና። ባለቤቴ ከውስጥ ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ታቦት ወጣ እንዴ? ምንድን ነው እሱ መዞር? አረፍ በል እንጂ!» ትለኛለች። «አንቺ ተኚ!» እላታለሁ። ትዳራችን ከቀትር በኋላ ይህን ይመስላል።

መኪናዬ ፔጆ ናት፣ አራት መቶ አራት የሚሏት። ድሬ ላይ ታክሲ ማለት እሷ ብቻ በነበረችበት ዘመን ታክሲ ነበረች፤ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ። ሙሽራ ጭናለች፣ ምጥ የያዛት ጭናለች፣ ከመጋላ ገበያ በግ ከነነፍሱ ጭናለች። ከዚያ ባጃጅ መጣና ከተማውን እንደ ዝንብ ወረረው። ተሳፋሪው እኔን ጥሎ ወደ ባጃጅ ሮጠ፤ አልፈርድበትም፣ ርካሽ ነው፣ በየጉራንጉሩ ይገባል። በዚያው ሰሞን ጣሪያ ላጠግን ወጥቼ ወደቅሁና እግሬ ተሰበረ። ወራት ተኝቼ ስነሳ ደንበኞቼ የሉም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ናት።

ቆማለች ግን አላልኩም! ይህን ልብ በሉልኝ። ሰው «መኪናህ ቆመች እንዴ?» ሲለኝ ቆሽቴ ያርራል። «ማን አለህ? ትሄዳለች! አንዳንድ ነገር ነካክቼላት ነገ እወጣለሁ» እላለሁ። ነገ የሚባለው ቀን ዓመታት ሆነው። ጠዋት ጠዋት አስነሳታለሁ፤ ጉንፋን እንደያዘው ሽማግሌ ስላ ስላ ትነሳለች፤ ጭሷ ባለቤቴ ያሰጣችው ልብስ ላይ ያርፋል፤ እንጣላለን፤ አጠፋታለሁ። ምን ላድርግ? እኔ ሹፌር ነኝ፣ ከሹፌርነት ሌላ ምንም ሆኜ አላውቅም። መኪናዬ ቆመች ካልኩ እኔ ምን ልሆን ነው? የጡረታ ደብተር የለኝ፣ የምመካበት ወንበር የለኝ። ስለዚህ ትሄዳለች አልኩ፣ ማንም ደፍሮ ውሸታም አላለኝም።

የክላሲክን ወሬ ያመጡብኝ ሙሽሮች ናቸው። እኛ ያለነው ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው፤ ዛፉ ጥላ ስላለው፣ የድሮዎቹ ቤቶች በረንዳም ስላላቸው ሙሽሮች ፎቶ ለመነሳት ይመጣሉ። አንድ ቀን የግቢዬ በር ክፍት ሆኖ ፎቶ አንሺው አንገቱን አስገብቶ አያት። «ጋሼ፣ ይቺን መኪና አንዴ ከበሩ ብቅ ቢያደርጉልን?» አለኝ። ነዳጅ የላትም ብዬ ዋሸሁ። እነሱ ግቢዬ ገቡ። ሙሽሪት ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ኮፈኑ ላይ ተደገፈች፤ ቀሚሷ ዘይት እንዳይነካው እኔው ጨርቅ አነጠፍኩላት። ፎቶ አንሺው ሲወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ክላሲክ ናት። አዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለችውን በመብራት ይፈልጋል» አለኝ።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ? ጨመርኩበት። እንቅልፍ ድሮም አልነበረኝ፣ ጭራሽ ጠፋ። ክላሲክ ማለት ምንድን ነው? ያረጀ ሁሉ ክላሲክ ከሆነ የጎረቤቴ ኮሮላም ልትሆን ነው። እሷም እኮ ሽማግሌ ናት፤ ግን ማንም ሙሽራ አልተደገፈባትም። ገና ብዙ ስለሆነች ነው? ነገ ከነገ ወዲያ ኮሮላ ሲያልቅ፣ የመጨረሻዋ ኮሮላ ላይ ሙሽራ ይደገፋል? ባጃጅስ? አንድ ቀን ባጃጅ ጠፍታ ሽማግሌዎች «አይ ባጃጅ፣ እንዴት ያለች ነገር ነበረች!» ሊሉ ነው? ይህን ለባለቤቴ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። «ያረጀ ክላሲክ ከሆነ እኔ ባሌ ክላሲክ ነው ብዬ ልሽጥህ?» አለችኝ። «ማን ይገዛኛል?» ብላት፣ «እሱስ ልክ ነህ፣ መለዋወጫ የለህም» አለችኝ። ምላስ አይደለም እሷ ያላት፣ ምላጭ ነው።

አንድ ነገር ግን አልዋጥ አለኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እኔም ያደግሁት በፉርጎ መሃል ነው። ያኔ ሊቶሪና የምትባለዋ ባቡር ከጅቡቲ ስትገባ ማንም ቀና ብሎ አያያትም፤ ሰው የሚያየው የመጣለትን ዘመድ ወይም ዕቃ ነው። አሁን ሐዲዱ ዝጎ፣ ፉርጎው ቆሞ፣ እንግዳ ከሩቅ አገር መጥቶ እየደባበሰ ፎቶ ይነሳበታል። ሲሠራ ዞር ብሎ ያየው የለም፣ ሲቆም ሁሉም ወዳጁ ሆነ! እንዲህ ከሆነ ክላሲክነት ማለት የሬሳ ማሳመሪያ ነው። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው፤ መኪናዬ እየሄደች ክላሲክ ናት እንድትባል ነው። ባለቤቴ ይህንንም ሰምታ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።

እንዲህ እየተብሰለሰልኩ ሳለሁ ገዢ መጣ። የፎቶ አንሺው ወሬ ይሁን የሌላ፣ ማን እንደነገረው አላውቅም። ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፣ ጢሙን በሥርዓት ያስተካከለ፣ የድሬ ሙቀት ሸሚዙን ጀርባው ላይ ለጥፎበታል። የሆቴል ባለቤት ነኝ አለ። ሆቴሉ በር ላይ፣ ከፏፏቴው አጠገብ፣ አሮጌ መኪና ሊያቆም ይፈልጋል። መኪናዬን ዞራት፤ እውነቱን ልናገር፣ ከእኔ ሌላ ሰው እንዲህ ተጠንቅቆ ሲዞራት አይቼ አላውቅምና ደስ አለኝ። የበሩን እጀታ፣ የመብራቱን መስታወት፣ የመሪውን ዘንግ ሁሉ በስልኩ አነሳ። ከዚያ ዋጋ ጠራ። ባለቤቴ ውሃ ይዛለት ስትመጣ ሰማችውና ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ በኋላማ ውሃው ቀረ፣ ለስላሳ ተገዛለት።

«ላስነሳልህ?» አልኩት ቁልፉን ይዤ፣ እንደ ልጅ ተቻኩዬ።

«አይ ፋዘር፣ አያስፈልግም።»

«እንዴት አያስፈልግም? መኪና እኮ ነው የምትገዛው።»

«ባትነሳም ግድ የለኝም። ዋናው ኦሪጅናል መሆኗ ነው» አለና ኮፈኑን አስከፍቶ በስልኩ መብራት የሞተሩን ቁጥር ፈለገ። ሊብሬዋን አምጡልኝ አለ። ሁለቱን አስተያየ። ፊቱ ጨለመ። «ፋዘር፣ ይሄ የእሷ ሞተር አይደለም።»

አይደለማ! እኔ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ ነው? ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ነገሩ ነውር ነው ብዬ አስቤው አላውቅም። የስም ማዛወሪያ ላይ ቁጥሩ ካልገጠመ አይሆንም አለኝ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሌላ ሞተር ያላት መኪና ክላሲክ አትባልም አለኝ። «የራሷ ሞተር የት ነው?» አለኝ። «ጀልዴሳ» አልኩት። በዚህ ሰዓት በጓደኛዬ መኪና ወደ ጀልዴሳ ገጠር መንገድ ላይ ነው፣ አሸዋውን እየወጣ ነው። ልጁ የሰው አገር ስም እንደነገሩት ሰው አፉን ከፍቶ አየኝ። ሞተሩን ካስመለስኩ መኪናዋን በጠራው ዋጋ ሊወስዳት፣ የጭነት መኪና ይዞ በሳምንቱ መጨረሻ ሊመጣ ቃል ገብቶ ሄደ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ የድሬ የፔጆ ሹፌሮች መለዋወጫችን ከጅቡቲ በባቡር ይመጣ ነበር። ባቡሩ ሲዳከም መለዋወጫውም ነጠፈ። ያኔ መላ ፈጠርን፤ የአንዱ መኪና ታማሚ ሆና ከቆመች፣ ደህናውን ዕቃ ፈትቶ ለሚሠራው ጓደኛው ይሰጣል። የቆመች ለምትሄድ ትሰጣለች፣ ይኸው ነው ሕጉ። ኪራይ የለው፣ ውል የለው። ዕቃው ግን የባለቤቱ ነው፣ አደራ ነው፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። መኪናዋ ድና መሄድ ስትጀምር፣ ወይም ተሸጣ ከከተማ ልትወጣ ስትል፣ የያዘው ሰው ዕቃውን ራሱ ተሸክሞ ይመልሳል። ሳይጠየቅ! ባለቤቱ አፉን ከፍቶ «ዕቃዬን» ካለ ሁለቱም ተዋረዱ። ዛሬ የእኔ መኪና የኋላ በር ከአንዱ፣ ሞተሪኖዋ ከሌላው፣ ስፖኪዮዋ ነፍሱን ይማረውና ከሞተ ጓደኛዬ ነው። የእኔም ዕቃ በየሰዉ አለ። ድሬ ላይ የአንድ ሰው ብቻ የሆነች ፔጆ ብትፈልጉ አታገኙም።

ሞተሬን የያዘው የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው፣ ከወጣትነታችን ጀምሮ ጓደኛዬ። አብረን ተራ ጠብቀናል፣ አብረን ጠግበናል፣ አብረን ተርበናል። ባጃጅ ከከተማ ሲያባርረን እኔ ግቢዬ ገባሁ፣ እሱ ወደ ገጠር ወጣ። ጎህ ሲቀድ ጀልዴሳ ወርዶ ወተት ሻጮቹን ሴቶች ከነጄሪካናቸው ያመጣል፣ ረፋዱ ላይ ይመልሳቸዋል። የእሱ ሞተር አሸዋው ውስጥ የተቃጠለው እኔ እግሬን ተሰብሬ በተኛሁበት ጊዜ ነው። አልጋ ላይ ሆኜ ልጆቹን አስጠራሁና፣ «ግቢ ውስጥ ናት፣ ፍቱና ውሰዱ» አልኳቸው። እሱም የተቃጠለውን የራሱን ሞተር አስጠግኖ፣ የእኔ መኪና ሆዷ ባዶ እንዳይቀር ብሎ አምጥቶ ገጠመላት። ጥገናው ግን ለከተማ እንጂ ለአሸዋ የሚሆን አልነበረም። በዚያው ቀረ።

እንግዲህ ገዢው ሲሄድ የሚቀረኝ ሞተሩን ማስመለስ ነው፤ መጠየቅ ደግሞ አይቻልም። አስቡት! በማግስቱ ደቻቱን፣ ደረቁን ወንዝ፣ ተሻግሬ መጋላ ሄድኩ። ጓደኛዬ ቤቱ በርጫ ላይ ነው፣ ትራሱን ተደግፎ። ጫት ሰጠኝ፣ ጨጓራዬ አልኩት። ስለ ሙቀቱ አወራን። ስለ ልጆቹ አወራን። ስለ ሽንኩርት መወደድ እንኳ አወራን፣ እኔ ስለ ሽንኩርት ምን አግብቶኝ! ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እነሳለሁ። በመጨረሻ እሱ ራሱ፣ «ሰማሁ አቦ፣ እንግዳ መጣልህ አሉ» አለኝ።

«ወሬ ነው» አልኩት፣ ፊቴ እየነደደ።

«ኸይር ነው። ከሆነልህ ኸይር ነው» አለና ጫቱን መቀንጠስ ቀጠለ። እኔም እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ራሴን ስረግመው ሰው እንዳበደ ሳይቆጥረኝ አልቀረም። ሊብሬ የያዘ፣ የንብረቱ ባለቤት የሆነ ሰው ሌባ ይመስል ይሸሻል?

ተነጋገርኩ ከራሴ ጋር፤ ስነጋገር ሁለተኛው ቀን አለፈ። በሦስተኛው ማለዳ ከባለቤቴ ቀድሜ ተነሳሁና ጓደኛዬ ወተት ሻጮቹን የሚያወርድበት ቦታ ሄጄ ቆምኩ። ቆሜ ስጠብቅ መኪናውን ሳላያት ሰማኋት። እናት የልጇን ድምፅ እንደምትለይ አልልም፣ ይህ ማጋነን ነው፤ ግን አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰማውን ሞተር ይለያል። ሳይንተፋተፍ፣ ሳይስል፣ ቀጥ ያለ ድምፅ። ከዚያ ብቅ አለች። ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለች አስቀያሚ መኪና! የቤት ቀለም ተቀብታለች፤ የኋላ መብራቷ በሽቦ ታስሯል፤ ጣሪያዋ ላይ ቢጫ ጄሪካን ተደርድሯል። ከውስጧ ሴቶቹ እየተገፋፉ፣ በሶማሊኛ እየተሰዳደቡና እየሳቁ ወረዱ። ማንም ሙሽራ በሕይወቱ አይደገፍባትም። ጓደኛዬ ሳያጠፋት ወርዶ ጄሪካን ያወርዳል። ሞተሩ ግን እንደ ሰዓት ነበር የሚሠራው።

ያን ሞተር ነቅዬ ፏፏቴ ዳር ላቆም ነው? ባይነሳም ግድ የለኝም ለሚል ልጅ? ደሜ ፈላ። በእሱ አይደለም፣ እሱ ምን አደረገ፤ የሚወደውን ነገር ሊገዛ መጣ። በራሴ ነው የፈላው። ጓደኛዬ ሳያየኝ ዞርኩ፣ መንገድ ላይ ቆሜ ለልጁ ደወልኩለት። «መኪናዋ አትሸጥም» አልኩት። «ፋዘር፣ ዋጋው ካነሰ እንነጋገር» አለ። «ዋጋው አላነሰም፣ አንተ ልጅ ጨዋ ነህ፣ እግዜር ይስጥህ፣ በቃ አትሸጥም» ብዬ ዘጋሁ። ትልቅ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ። ደረቴ ተነፋ። ሻይ ቤት ገብቼ ሻይ ጠጣሁ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች ሰላም አልኩ፣ ፀሐይዋ እስክትከር ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ።

እቤቴ በር ስደርስ የጭነት ባጃጅ ከግቢዬ ወደ ኋላዋ ትወጣለች። ገባሁ። ማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፎ፣ በላዩ ሞተሬ ተቀምጧል። ተወልውሏል። ቁጥሩ ያለበት ቦታ በነዳጅ ታጥቦ ያብለጨልጫል። ጓደኛዬና ልጆቹ ሴቶቹን ከመለሱ በኋላ አውርደውት፣ ሳይጠየቁ፣ እንደ ደንቡ፣ ተሸክመው አምጥተውልኛል። ያውም በባጃጅ! ባለቤቴ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። «ምን ብለኸው ነው?» አለችኝ። «ምንም አላልኩትም!» «ታዲያ ሰውየው ቡና እንኳ ሳይቀምስ፣ አደራውን ተቀበይ ብሎኝ የሄደው በምን ምክንያት ነው? ልጆቹን እያየህ የሚበሉትን ነቀልክ?»  ለካ ለገዢው አይሆንም ያልኩትን ለእሱ አልነገርኩትም። እኔ ሻይ ቤት ደረቴን ስነፋ እሱ ዘይት ውስጥ ተንበርክኮ ብሎን ይፈታ ነበር።

ምሳ ሳልቀምስ በዚያ ፀሐይ እንደገና ደቻቱን ተሻገርኩ። ከተማው ተኝቷል። መጋላ ውስጥ ከጫማዬ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ጓደኛዬ በሩ ላይ፣ ከመኪናው ጥላ ስር ተቀምጧል፤ የመኪናው ኮፈን ክፍት ነው፣ ውስጡ ጉድጓድ። ዛሬ አልቃመም። እጁን በሳሙና ቢያጥበውም ዘይቱ ጥፍሩ ውስጥ ቀርቷል።

«አልሸጥኳትም!» አልኩት ገና ከሩቅ፣ እየጮህኩ። «ለልጁ አይሆንም ብዬዋለሁ። ምን አጣደፈህ? ሞተሩን ናና ውሰድ!»

«አልወስድም አቦ።»

«ተቀየምክ?»

«ወላሂ አልተቀየምኩም። ቁጭ በል።» አልተቀመጥኩም። እሱ ቀስ ብሎ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ነገረኝ። «ሞተርህን ስወስድ መኪናህ ቆማ ነበር። የቆመች ለምትሄድ ነው፣ ደንብ ነው፣ ሐላል ነው። ከዚያ ተነሳህ። ሰው ሁሉ መኪናው እንዴት ናት ሲልህ ትሄዳለች ትላለህ። እኔንም ትለኛለህ። የምትሄድ መኪና ሞተር እኔ ጋ ምን ይሠራል? ዓይኔ ቆማለች ይለኛል፣ አፍህ ትሄዳለች ይለኛል። ይኸው እስከ ዛሬ ዓይኔን እያመንኩ በልቼበታለሁ፤ ውስጤ ግን ይኮሰኩሰኝ ነበር። ገዢ መጣ ሲሉኝ፣ በቃ፣ አፍህን አመንኩ።»

«አልሸጥኳትም እያልኩህ!»

«ሽጣት፣ አትሽጣት፣ የአንተ ናት። እኔ ግን ሹፌር ከሚነዳት መኪና ላይ ሞተር አልወስድም። ሐራም ነው።» ይህን ብሎ ወደ ባዶው ኮፈን አየ። ከነገ ጀምሮ ሴቶቹ በምን ይመጣሉ፣ ልጆቹ ምን ይበላሉ፣ አንዱንም አላነሳም። ቢያነሳ በቀለለኝ። ቢሰድበኝ እንኳ ስድብ እመልስለት ነበር፣ በስድብ እኔን የሚችል የለም። እሱ ግን ይጠብቃል፤ ምን እንደሚጠብቅም አውቃለሁ። ዓመታት ሙሉ ሲጠብቅ የኖረው አንድ ቃል ነው።

ወዲያ ሄድኩ፣ ወዲህ ሄድኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።  የጎረቤት በር ተከፍቶ አንዲት ሴት ምን ሆኖ ነው ብላ አየችኝና ዘጋችው።

«ቆማለች» አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ።

«መኪናዬ ቆማለች። አትሄድም። እኔም ከእንግዲህ አልወጣም።» ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። አጠገቡ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ፤ አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ሽማግሌ ሰውዬ በቀን ብርሃን መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። አላባበለኝም፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ጠበቀኝ። ስጨርስ የላስቲክ ውሃውን ሰጠኝና ልጆቹን ጠራ። ያን ዕለት ከዐሥር ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል፣ ሞተሩ በዚያችው ባጃጅ ተመልሶ ደቻቱን ተሻገረ።

ቆማለች ማለቴን ከተማው በማግስቱ ሰማ። ከዚያ መምጣት ጀመሩ፣ የቀሩት የፔጆ ሰዎች፣ አንድ ሁለት እያሉ። ማንም ወዲያው ዕቃ አልጠየቀም። ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ስለ ጤና ይጠይቃሉ፤ ከዚያ እኔው፣ «የአንተ ካርቡራቶር ያስቸግርሃል አይደል? ካቻቢቴህን ይዘሃል?» እላለሁ። ካርቡራቶሯ ሄደ። ራዲያተሯ ሄደ። የፊት መስታወቷ ወደ ሐረር መንገድ የሚሠራ ሰውዬ ወሰደው። የሞተው ጓደኛዬ ስፖኪዮ ለልጁ ተመለሰ። አንዳንዴ ከተማ ስወጣ የእኔ በር በሌላ ሰው መኪና ላይ ያልፋል፤ ሰማያዊው አሁንም የእኔ ሰማያዊ ነው፣ አውቀዋለሁ። ግቢው ውስጥ የቀረው አጥንቱ ብቻ ነው። ባለቤቴ በአንድ ወገን የልብስ ገመድ አሰረችበት፣ ዶሮዎቿ የኋላ ወንበሩ ላይ ይተኛሉ። ሙሽሮች በሩ ላይ ሲደርሱ አይተው ያልፋሉ። ክላሲክ ይሁን አይሁን እንግዲህ የሚፈርድ ይፍረድ፤ እኔ ደክሞኛል።

እንቅልፍ ግን አልመጣም። ጠዋት የማስነሳው ነገር ሲጠፋ ባሰብኝ፤ በጨለማ ነቅቼ ጣሪያ አያለሁ። ባለቤቴ ሰለቻት መሰለኝ፣ ሄዳ ለጓደኛዬ ነገረችው። አንድ ማለዳ መጥቶ በሬ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። «ውጣ፣ ጀልዴሳ እንሂድ» አለኝ። ወደ መሪው በኩል ሄድኩ፤ እሱ ተቀምጦበታል። ዞሬ በሌላው በር ገባሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በፔጆ ተሳፋሪ ሆኜ ተቀምጬ አላውቅም፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ከከተማ ወጣን። አስፋልቱ አለቀና አሸዋው መጣ። ግመሎች መንገዱን ሞልተው ሲመጡ እሱ አልቀነሰም፤ ዕድሜውን ሁሉ እንዲህ ነው፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚይዘው። ወለሉን በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩት። ግመሎቹ አለፉ። ጥቂት ሄደን ፍየል ገባችብን፣ እንደገና ረገጥኩ። ጓደኛዬ ወደ እግሬ አየና፣ «ፍሬኑ እኔ ጋ ነው አቦ» አለኝ።

አውቃለሁ አልኩት። እግሬ ግን አልሰማ ብሎ እስከ ጀልዴሳ ድረስ ሲረግጥ ሄደ።